ሐረር ጅብ ለማብላት ለምትሄዱ፣ በተለይ በጅብ ተረት ላደጋችሁ

መጀመሪያ ፍርዴን ሰጥቼ ልገላገል። ሐረር ላይ ማታ ማታ የሚደረገው ጅብ የማብላት ትርኢት ጥሩ ነው፤ ሂዱ። ግን ብር የሚከፈልበት ክፍል ከምሽቱ ሁሉ ደካማው ነው። ጥሩው ከሱ በፊትና ከሱ በኋላ ያለው ነው። እሱን ደግሞ ማንም አይሸጥላችሁም። ራሳችሁ ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት።

ለምን እንዲህ እንደምል እንዲገባችሁ፣ ጅብን ከማን እንደተማርኩ ልንገራችሁ።

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው፣ እንጦጦ ሥር። ሌሊት ጅብ ሲጮህ መስማት ለኛ ሰፈር ልጅ ብርቅ አይደለም። አያታችን ከመንዝ ነው የመጣችው፤ እምዬ ነበር የምንላት። በቴሌቪዥን አባባ ተስፋዬ ነበሩልን። «ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ሲሉ ቤቱ ጸጥ ይላል። የሳቸው ተረት ግን መክሮ ነው የሚሸኛችሁ፤ ጥሩ ልጅ ለመሆን ወስናችሁ ትተኛላችሁ። የእምዬ ተረት ምንም አይመክርም። ያስፈራል፣ አለቀ። የምትጀምረው መብራት ሲጠፋ ነው። በሰፈራችን ደግሞ መብራት ሳይጠፋ የከረመበት ሳምንት ትዝ አይለኝም።

የእምዬ ጅቦች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው አያ ጅቦ ነው። ሞኝ፣ ሆዳም፣ ችኩል። ቸኩሎ ቀንድ የሚነክሰው እሱ ነው። በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለውም እሱ ነው። ከወንዙ በታች ቆማ የምትጠጣውን አህያ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» እያለ ሰበብ ሲፈልግባት፣ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። በዚህኛው እንስቃለን። ሁለተኛው የሌሊቱ ጅብ ነው። እሱ ጅብ አይደለም። ሰው ነው።

«አንድ ሰውዬ ነበር» ትላለች። አህያውን ጭኖ ከገበያ ሲመለስ ይመሽበታል። መንገድ ላይ ሌላ መንገደኛ ይቀላቀለዋል። ጨዋ ነው፣ ንጹሕ ጋቢ የለበሰ፣ በጆሮው የወርቅ ሎቲ ያደረገ። እየተጫወቱ ይሄዳሉ። ዋሻ ያገኙና እሳት አንድደው ያድራሉ። እኩለ ሌሊት ላይ አህያዋ ትጮሃለች። ሰውዬው ሲነቃ ጓደኛው የለም። እሳቱ ሊጠፋ ነው። እንጨት ይጨምራል። ነበልባሉ ከፍ ሲል አህያዋ ላይ ጅብ ቆሟል። ጅቡ ቀስ ብሎ ዞሮ ያየዋል። «በጆሮውም ላይ…» ትላለች እምዬ።

እዚህ ጋ ታቆማለች።

እጇን ወደ ቆሎው ትሰዳለች። አንድ እፍኝ ትዘግናለች። ጥርሷ ደህና ስላልነበረ ሽምብራውን እየለየች ወደ ሳህኑ ትመልሳለች፤ ገብሱን ብቻ ወደ አፏ ትጥላለች። በጨለማው ውስጥ የሚሰማው ሽምብራው የቆርቆሮውን ሳህን ሲመታ ብቻ ነው። ቲክ። ቲክ። እህቴ «እምዬ፣ በናትሽ!» ትላለች። እምዬ ታኝካለች። መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። ሎቲው ነው። ግን እሷ ራሷ ካላለችው ተረቱ አያልቅም፣ ማንም ደግሞ ቀድሟት አይናገርም። ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድ ጋቢ ውስጥ ተጠቅጥቀን ነው። የማን ጉልበት የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከውጪ፣ ከእንጦጦ በኩል፣ እውነተኛው ጅብ ይጮሃል። በዕድሜዬ እንደዚያ የፈራሁበትም እንደዚያ የተመቸኝም ቦታ የለም።

አንድ ነገር ሳልል ግን አላልፍም። በእምዬ አተራረክ ባለ ሎቲው ሰውዬ ሁልጊዜ ቀጥቃጭ ነበር። ለኛ ሙቀት የነበረው ተረት ለአንጥረኛው ልጅ፣ ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ፣ በጎንደር አካባቢ ለቤተ እስራኤል ልጅ ስድብና መገለል ነበር። «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እየተባለ ሰው አብሯቸው ማዕድ የማይቆርስበት ዘመን ነበር። እህቴ ዛሬ ተረቱን ለልጇ ስትነግረው የሰውዬውን ሙያ አውጥታዋለች። ሎቲውን ትታለታለች። ልክ ነች፣ ተረቱም ምንም አልጎደለበትም።

በነገራችን ላይ እምዬ ሁሉንም አልፈጠረችም። በሁዳዴ አህያ ውጪ አይታደርም ትል ነበር፤ ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ ጅብ ይርበዋል። እንዲሁ የሽማግሌ ወግ ይመስለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ግን ያንኑ ነው ያለው። ተመራማሪዎች ትግራይ ውስጥ የጅብ ኩስ ሰብስበው፣ በውስጡ የተገኘውን ጸጉር እየለዩ፣ ጅቡ ምን እንደበላ አዩ። በዐቢይ ጾም ጅቡ ወደ አህያ ያዘነብላል። እምዬ ኩስ ሳትሰበስብ ደርሳበታለች።

ወደ ሐረር የሄድነው እኔ፣ እህቴና ልጇ ነን። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጅብን የሚያውቀው ከስልክ ነው። «ይሄ ልጅ ሳይፈራ ሊያድግብኝ ነው» አለችኝ እህቴ አንድ ቀን። በቀልድ ተጀምሮ ትኬት ተቆረጠ።

መንገዱን ቶሎ ልለፈው። በአውሮፕላን ድሬዳዋ ትወርዳላችሁ። ከዚያ በሚኒባስ ወይም በኮንትራት ሽቅብ ነው፤ 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ድሬዳዋ ላይ ያላባችሁ ሙቀት ሐሮማያን ስታልፉ የለም። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ማታ ጃኬት ያስፈልጋል። ጫማችሁ ዝግ ይሁን። የምትንበረከኩበት መሬት አጥንትና ፌስታል ያለበት ነው።

ማደሪያ ጀጎል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ያዙ። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። ከግንቡ ውጪ ደህና ደህና ሆቴሎች አሉ፤ ሙቅ ውሃውም ዋይፋዩም እዚያ ሳይሻል አይቀርም። ግን የዚህ ምሽት ግማሹ ያለው ግንቡ ውስጥ ነው። ጌ ጋር የሚሉትን የሐረሪ ባህላዊ ቤት ለእንግዳ የሚያከራዩ ቤተሰቦች አሉ። ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራው መደብ ላይ ምንጣፍና ትራስ ተደርድሯል። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሸፍኗል። የኛ አከራይ ጠና ያሉ እናት ናቸው። ጅብ ልናይ እንደመጣን ስንነግራቸው ሳቁብን። «ለማየት ነው የምትከፍሉት? በር ላይ ቆማችሁ ጠብቁ እንጂ!»

ቀልድ መስሎን ነበር። ኋላ ነው የገባን። ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐሚር ኑር ናቸው፤ በ1998 ዓ.ም. ከተማው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው። ከነሱ ሌላ ግን ከግንቡ ሥር ቀዳዳዎች አሉ። ጅብ የሚገባው በነሱ ነው። ከተማው ሲተኛ ይገባል፣ የተጣለውን አጥንትና ትርፍራፊ ያጸዳል፣ ሳይነጋ ይወጣል። ሰውም ዐውቆ ትቶለታል። እምዬ ይሄን ብትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም። ከአምስቱ አንዱ በአማርኛ «ቡዳ በር» እንደሚባል ብትሰማማ ገና አዲስ አበባ ላይ ከመኪና ትወርድ ነበር።

ትርኢቱ የሚጀምረው ዓይን ሲይዝ ነው፣ ምሽት 1 ሰዓት ገደማ። አብዛኛው ሰው ከጀመረ በኋላ ነው የሚደርሰው። እናንተ ቀድማችሁ ሂዱ። ባለ ባጃጁ ልጅ «አቦ ገና ነው! እዚያ ቁጭ ብላችሁ ምን ልታደርጉ?» ይላችኋል። ምንም በሉት።

ቦታው እኛ ስንሄድ ከግንቡ ውጪ ያለ ገላጣ መሬት ነበር። መድረክ አልነበረም፣ አጥር አልነበረም፣ ወንበር አልነበረም። አብሊው ቅርጫቱን ይዞ መጣና መሬት ላይ ተቀመጠ። ቅርጫቱ ውስጥ ከሥጋ ቤት የተራረፈ ጅማት፣ ሞራ፣ ቆዳ አለ። ስለ ሽታው አላወራም። ሰላም አለን፣ ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ መጣራት ጀመረ።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ይሄን ነው። ጩኸት አይደለም። ጎረቤት ልጁን ለራት እንደሚጠራው ነው፤ በየስማቸው፣ ሳይቸኩል፣ ትንሽ በምሬት። አንዴ ይጠራና ይጠብቃል። መልስ የለም። ደግሞ ይጠራል። ጨለማው ያው ነው። እህቴ እጄን ያዘች። ሁለታችንም አርባን ያለፍን ሴቶች ነን። እሷ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው የምትቆጣጠር ናት፤ ኮሪደር ላይ ስትታይ ሠራተኛ ስልኩን የሚደብቅላት ዓይነት። እጄን ግን ጨበጥ አደረገችው። ልጁ ደግሞ ማንም ሳይጠራው መሃላችን ገባ።

ከዚያ ከቁልቁለቱ በኩል ያ ድምፅ መጣ። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ የሚጎተተው። የጅብ ጩኸት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሰማ ይችላል። ሽሮ ሜዳ ተኝተን የምንሰማውም ይሄንኑ ነው። እዚያ ግን በመሃላችን የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ በርና እምዬ ነበሩ። እዚህ ሣር ብቻ ነው ያለው።

መጀመሪያ ዓይን ነው የሚታየው። ሁለት፣ ቀጥሎ አራት፣ ከዚያ የት የት እንዳሉ ይጠፋባችኋል። እግራቸው አይሰማም። ልጁ «አክስቴ፣ ከኋላችንም አለ» አለኝ በሹክሹክታ። ዞር ስል እውነቱን ነው።

በዚህች ሰዓት ተነስታችሁ ብትሄዱ ምንም አልቀረባችሁም እላለሁ። ለዚህኛው ክፍል ከ10 9 ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት ከርቀት ለሚሰማው የሞተር ድምፅ ነው።

ምክንያቱም ከዚያ መኪኖቹ ይመጣሉ። ትርኢቱ በመኪና መብራት ነው የሚታየው፤ ባጃጁም ትልቁም መኪና ተደርድሮ ረጅሙን ያበራል። ያኔ ጅቡ ጅብ ብቻ ይሆናል። የኋላ እግሩ አጠር ያለ፣ አንገቱ የወፈረ፣ ጀርባው ነጠብጣብ ያለበት፣ ሰው መሃል ሲገባ ትንሽ እፍር የሚል አውሬ። ስልኮች ይወጣሉ። ሰው በየተራው ይንበረከካል። 30 ሳንቲ ሜትር በምትሆን እንጨት ላይ ሥጋ ይጠመጠማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቀጣይ። ደፋሩ እንጨቱን በጥርሱ ይነክሳል። አብሊው ሥጋውን ከጭንቅላታችሁ በላይ ሲያደርገው ጅቡ የፊት እግሮቹን ጀርባችሁ ላይ ያወጣል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። አሪፍ ቪዲዮ ይወጣዋል፣ አልክድም። ግን ወረፋ ያለው ፍርሃት ፍርሃት አይደለም።

የአብሊው ችሎታ ግን የሚደነቅ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ ያውቃል። አንዱን በክርኑ ገፋ ያደርገዋል፣ ሌላዋን በስሟ ይቆጣታል፤ እሷም ትሰማዋለች። ትልልቆቹ ሴቶቹ መሆናቸውን የነገረን እሱ ነው። መንጋውን የሚመሩት ሴቶች ናቸው፤ ግልገል ማዕረጉን ከእናቱ ነው የሚወርሰው። ያ ሳቅ የሚመስለው ድምፅም የደስታ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያሰማው የተጨነቀውና ከበላዩ ላለው የሚሸነፈው ጅብ ነው። እህቴ ይሄን ስትሰማ «እና አያ ጅቦ ሚስቱን ነው የሚፈራው?» አለች። አብሊው በሳቅ ሞተ።

ተራዬ ደረሰ። እንጨቱን በእጄ ያዝኩ፤ በጥርስ አልሞክርም፣ ወደፊትም አልሞክርም። ከግራዬ አንዲት ትልቅ መጣች። ሥጋውን ስትወስድ ጣቴን አልነካችም፤ ጥርሷ ሲገጥም ግን እንጨቱ ተንቀጥቅጦ እስከ ክርኔ ተሰማኝ። እኔ የማየው ጆሮዋን ነበር። ከፊቴ አንድ ስንዝር ላይ ነው። ክብ ነው፣ ውስጡ በሳሳ ጸጉር የተሸፈነ። ጠርዙ ሁለት ቦታ ተተልትሏል። አንደኛው ያረጀ ነው፤ ጠቁሮ ደንድኗል። ሌላው ገና ቀይ ነው። ሥሩ ላይ መዥገር ተጣብቋል። ሌላ ምንም የለም። እየፈለግኩ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ፣ ያ ሁሉ ሰው ስልክ ደግኖብኝ፣ ሎቲ እየፈለግኩ ነበር።

ተነስቼ ስመለስ እህቴ ጆሮዬ ሥር መጣች።

«አለ?»

«የለም።»

«ሌላኛውን ጆሮ አየሽው?»

አላየሁትም። ወረፋው አልፎኝ ነበር።

ወደ ቅሬታዬ። ዋጋው የተለጠፈበት ቦታ አልነበረም። ለአገር ሰውና ለፈረንጅ አንድ አይደለም፤ ለማየትና ለማብላትም አንድ አይደለም። ቅርጫቱ ከመከፈቱ በፊት ተነጋገሩና ጨርሱ። ባጃጁንም እንዲሁ፤ ጠብቆ የሚመልሳችሁ ከሆነ ደርሶ መልሱን በአንድ ላይ ተስማሙ፤ ማታ ከጨለማ መሃል ሆኖ መከራከር አይመችም። የእጅ መታጠቢያ አልነበረም። ውሃና ሳሙና ይዛችሁ ሂዱ፤ የጅብ ምራቅ በሶፍት አይለቅም። ጅብ ለሰው እንዲህ መላመዱ ልክ ነው ወይ የሚል ጥያቄም አለ። እኔ ግማሽ ልቤ አይደግፈውም። ሐረር ላይ ግን ሰውና ጅብ ከቱሪስት በፊት ይተዋወቃሉ፤ ከሌላው ከተማ ጋር አንድ አላደርገውም።

ዋናው ቅሬታዬ ሌላ ነው። የሚተርክ የለም። ያ ሁሉ ሰው ከየአገሩ መጥቶ ጨለማ ውስጥ ቆሞ፣ አንድም ሰው አንድም ታሪክ አይነግረውም። አስጎብኚው የሚነግራችሁ የግንቡን ርዝመትና የመስጊዱን ብዛት ነው። ሲነጋ የሚነገር ነው እሱ! መብራቱን ሁሉ አጥፍተው፣ ጅቦቹ ከመምጣታቸው በፊት አንድ አፉ የሚያምር ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቢያስቀምጡ፣ እኔ እጥፍ እከፍላለሁ። ቆሎውን ራሴ አመጣለሁ። እንዳለ ግን ለትርኢቱ 6 ነው የምሰጠው፤ ከዚያም ውስጥ አምስቱ የአብሊው ነው።

አሁን ወደ ነጻው ክፍል እንምጣ። ባጃጁን በሩ ላይ አውርደን በሉትና ወደ ውስጥ በእግራችሁ ግቡ። የጀጎል መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ አንዳንዱ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሄድም። መብራት እዚህም እዚያም አለ፣ መሃል ላይ የለም። ሱቅ ተዘግቷል። ግድግዳው በቀን አረንጓዴና ሰማያዊ ነው፤ ማታ ሁሉም አንድ ነው። ጥምዝ ሲላችሁ ወደፊት ምን እንዳለ አይታይም።

አንዱን ጥምዝ ስንዞር ቆሞ ነበር። መሃል መንገድ ላይ። ምናልባት እዚያ ሜዳ ላይ ካየናቸው አንዱ ይሆናል፣ ምናልባትም አይሆንም። ከቤት የተጣለ ነገር እየበላ ነው። እዚህ አብሊ የለም፣ ቅርጫት የለም፣ ስልክም አላወጣንም። ቀና ብሎ አየን። እግሬ መሬት ውስጥ ተተከለ። ቀኝ በኩል የአንድ ግቢ በር ተከፈተና አንዲት ልጅ ቆሻሻ ልትደፋ ወጣች። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ጅቡን አየችው፣ እኛን አየችን። የደነቅናት እኛ ነን። ባልዲዋን ገልብጣ ተመለሰች። ጅቡ ሰውነቱን ግድግዳው ላይ ለጠፍ አደረገና አልፎን ሄደ። ጸጉሩ የእህቴን ቀሚስ ነክቷል፤ እሷ እስከ ዛሬ ትምላለች፣ እኔ አላየሁም። ለዚህ ነጥብ የለኝም። ነጥብ የሚሰጠው ለተሸጠ ነገር ነው።

ቤት ስንደርስ አከራያችን ቁጢ አፍልተው ጠበቁን። የቡና ቅጠል ነው፣ በወተት የሚፈላ፣ ጨው የሚጨመርበት። አዲስ አበባ ላይ ካልጠጣችሁት እዚያ ጠጡት። ልጁ የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ነገራቸው። «ከዚያ እኮ አለፈን! ልክ አጠገባችን!» ሴትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥሩ ነው አሉ። እሱ ሲያልፍ ያ ሌላው አይቀርብም።

«ያ ሌላው ማን ነው?» አለ ልጁ።

እኛ ገባን። እህቴ ትራሱን ወደ ራሷ ሳበች። መደቡ ላይ ወጣን፣ እግራችንን ሰበሰብን፣ አንድ ጋቢ ለሦስት። ሴትየዋ በአካባቢው የሚባለውን ነገሩን። ጂኒ በከተማው መንገዶች ይዞራል። በጥምዙ ላይ ይቆማል፣ ሰው ላይ ይሰፍራል። ጂኒውን ማየት የሚችለው ጅብ ብቻ ነው። አይቶም ይበላዋል። የሌሊት ጩኸቱ የሚውጠው ጂኒ እንደሆነ የሚናገሩ አሉ። ስለዚህ ጅብ ወደ ከተማ ሳይገባ ያደረ ሌሊት እናቶች ልጆቻቸውን ጠጋ አድርገው ይተኛሉ። ይሄን እያወሩ የልጁን ሲኒ ሞሉለት፣ ቀስ ብለው፣ እስኪጨርሱ ምንም ሳይሉ። ሲኒው ሞልቶ አልሞላ ብሎ። እህቴ በጉልበቷ ነካችኝ። እኛ ይሄን ማቆሚያ እናውቀዋለን።

«አንድ ሌሊት ጅቦቹ ሳይመጡ ቀሩ…» አሉ።

ያን ታሪክ እዚህ አልጽፈውም። የሳቸው ነው፣ ደግሞም በጽሑፍ አያምርም። ልጁ ግን እንደኛው ፈራ። በጅቡ አይደለም፤ ጅቡንማ ሲያበላ ነው ያመሸው። በጂኒው ነው የፈራው፣ በጥምዙ ላይ በሚቆመው። መብራት ከጠፋ በኋላ ስንት ጊዜ «እናቴ፣ ጅቡ አልመጣም እንዴ?» እያለ ጠየቀ። ከሌሊቱ በአንዱ ሰዓት ከግንቡ ሥር ያ ድምፅ ሲጎተት ተሰማ፤ ልጁ «እ» አለና ዞሮ ተኛ። እህቴ በጨለማው ውስጥ መሳቋን ከትከሻዋ ነው ያወቅኩት። እኛን ዓይናችንን አፍጥጠን ያሳደረን ድምፅ እሱን አስተኛው።

ልጅ ይዛችሁ ለምትሄዱ፦ ከስድስት ሰባት ዓመት በታች ያለውን ወደ ትርኢቱ ባትወስዱት ይሻላል። በጠረኑና በመኪናው ግርግር ነው የሚያለቅሰው። ትልቁንም ካልፈለገ አታንበርክኩት። እዚያ ምሽት አንድ አባት ልጁን እየጎተተ ፎቶ ሊያስነሳ ሲታገል ነበር። ልጁ ስለ ጅብ የሚያስታውሰው የአባቱን እጅ ነው የሚሆነው። አስቀምጡት፣ መሃላችሁ ይግባ፣ በቃ።

እኛ የምንመለሰው ለዐሹራ ነው። ያን ቀን ለጅቦቹ ሥጋ ሳይሆን በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ አበላላቸውን አይቶ ስለ መጪው ዓመት የሚናገር አለ። በረሃብ ዘመን ጅብ ሰው መንካት ሲጀምር በገንፎ እርቅ ወርዷል ነው የሚባለው፣ ሴትየዋም እንዲያ ነው ያሉን። ያኛውን ታሪክ ጀምረውልን በእንቅልፍ አቋረጥናቸው። ቀኑ በእስልምና አቆጣጠር ሙሐረም 10 ነው። በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ይመጣል፤ በራሳችን ቀን መቁጠሪያ ብቻ ተማምናችሁ ትኬት እንዳትቆርጡ። ማረፊያም በጊዜ ያዙ፤ ጀጎል ውስጥ ያለው ክፍል ብዙ አይደለም። ጥግ ያለውን ሰፊውን መደብ ግን ተዉልን፣ ለሦስት ሰው የሚሆነው እሱ ብቻ ነው።